ዓይኗ የተከፈተ መርፌ

ተራ የልብስ መርፌ ናት። የዓይኗ አናት በሞረድ ተበልቶ ቀለበቱ ተከፍቷል፤ የቀሩት ሁለት ጥርሶች ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም። ሹል ጫፏ በእንጨት እጀታ ውስጥ ተቀብሯል። የአውሮፕላንና የመርከብ ሞዴል ሠሪው ቆርኪ ላይ ጠብ ባደረገው የሱፐር ግሉ ሙጫ ላይ ጥርሶቹን ነካ አድርጎ ሲያነሣት በመካከላቸው አንዲት ጠብታ ተይዛ ትወጣለች። ከዚያ ሁለት ክፍሎች የተገናኙበትን መስመር በጥርሶቹ ሲነካው ጠብታዋ ከመርፌዋ ተላቃ ወደ ስንጥቁ ትሰርጋለች። የሚተርፍ፣ የሚፈስ፣ ጣት ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ከጠርሙሱ በቀጥታ ቢፈስ የሚወጣውን መጠን የሚወስነው የጣት ግፊት ነው፤ ጣት ደግሞ ሲደክም ሌላ፣ ሲቸኩል ሌላ ነው። መርፌዋ የምትይዘው በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት የቻለውን ብቻ ነው፤ ክፍተቱ ጠዋትም ማታም አንድ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ የሙጫው መጠን አይለወጥም። በዛ ያለ ሙጫ ያስፈለገው ዓይነ ሰፊ የጆንያ መርፌ ይከፍታል፤ ትንሽ የፈለገው ዶቃ የሚሰካባትን ቀጭን መርፌ። ሙጫው ደርቆ ክፍተቱን ሲደፍነው በሻማ ነበልባል አቃጥሎ መጥረግ ነው፤ መስኮት መክፈት አይረሳ እንጂ፣ ጭሱ ዓይን ይለበልባል።

ሙጫው ራሱም ታሪክ አለው። በ1942 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቹ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አገኙት፤ የነካውን ሁሉ እያጣበቀ ስላስመረራቸው ተዉት። ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። ያን ጊዜ ያስመረራቸውን ጠባይ ዛሬ አንዲት የተሞረደች መርፌ ትገራዋለች።

በሞዴል ሠሪዎች ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያሉ በቤት የተሠሩ ነገሮች ሞልተዋል። እኔ ከሞዴሉ እኩል፣ አንዳንዴም ከሞዴሉ ይልቅ፣ እነሱን ማየት እወዳለሁ። ሞዴሉ የሠሪውን ትዕግሥት ያሳያል፤ መሣሪያው የሠሪውን ሐሳብ ያሳያል። እጁ የት ላይ እንደሚስት አውቆ፣ ያችን አንዲት ስሕተት ነጥሎ፣ መግቢያዋን የዘጋበት ነውና።

በዚህ ሙያ ደግሞ ስሕተት ይባዛል። ከታወቁት ልኮች አንዱ 1:72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰው፣ ነው፤ የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1953 ያወጣው ስፒትፋየር አውሮፕላን የተሠራው በዚሁ ልክ ነበር። በዚህ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ አብራሪ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በር ስትገጥሙ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስቱ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 3.6 ሴንቲ ሜትር ስታችኋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክፍተት ያየ መካኒክ አውሮፕላኑን ከመሬት አያስነሣም።

ሁሉን በቤት ልሥራ የሚል ሰው ግን ራሱን ያደክማል። ወረንጦ ይገዛ። ጫፎቹ የማይገጥሙ ወረንጦ የያዘውን ክፍል ወደ ምንጣፉ ያስፈነጥረዋል፤ ምንጣፍ የዋጠውን ደግሞ መጥረጊያ ካልሆነ ማንም አያገኘውም። ምላጩም፣ የመሰርሰሪያው ጫፍም ይገዛ፤ ፋብሪካ ብረትን ከእኛ ይልቅ ያውቅበታል። በቤት መሠራት ያለበት የሚይዘው፣ የሚደግፈው፣ የሚመራውና የሚለካው ነው። እነዚህ በየሥራው ስለሚለያዩ ማንም ፋብሪካ አስቀድሞ ሊያስባቸው አይችልም። የልብስ መቆንጠጫ ሁለቱ እንጨቶቹ ተገልብጠው ሲገጠሙ አፉ ረዝሞ ጠባብ ቦታ ይደርሳል። የአይስክሬም እንጨት ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት ጠፍጣፋ ሞረድ ይወጣዋል፤ ቁጥሩን፣ 400 ይሁን 600 ወይም 1000፣ ጫፉ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ቀለም የሚቀባ ትንሽ ክፍል በቀርከሃ ስንጥር ጫፍ በታሰረ የኤሌክትሪክ ክሊፕ ተይዞ ስፖንጅ ላይ ይቆማል። የሌጎ ጡቦች ማዕዘናቸው የተስተካከለ ስለሆነ ስኳድራ ሆነው ያገለግላሉ፤ ልጁ እስኪጠይቃቸው ድረስ።

ከአሮጌ የእጅ ሰዓት የወጣችው ባለ ጥርስ መዘውር ግን እንዲህ በጥድፊያ የምትታለፍ አይደለችም። ጫፉ በተሰነጠቀ የነሐስ ዘንግ ውስጥ ገብታ፣ የመርፌ ስባሪ እንብርቷን ወግቶ ይዟት፣ እንደልቧ ትዞራለች። በሞዴል አውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ዳይሞ የሚባል ወፍራም ተለጣፊ ቴፕ ይለጠፋል፤ መዘውሯ የቴፑን ጠርዝ ተጠግታ ስትነዳ የሪቬቶቹን፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን ምስማሮች፣ ምልክት እኩል እያራራቀች ትተዋለች። አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሪቬቶቹ በ30 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ በ1:48 ልክ ርቀቱ 0.625 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፋቷ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ መዘውር ዙሪያዋ 31.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 50 ጥርስ ካላት በጥርስና በጥርስ መካከል 0.628 ይደርሳል። ልዩነቱ ሦስት ማይክሮን ገደማ ነው። መቶ ሪቬት ተደርድሮ ጠቅላላ መሳቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥርሶቹን የቀረጸው ሰዓት ሠሪ ያሰበው ስለ ደቂቃና ስለ ሰከንድ ነበር፤ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ጥርሶቹን ቆጠረና ከአንድ አውሮፕላን ክንፍ ጋር አገናኛቸው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ሰው መዘውሯን ካገኘ በኋላ ኃይል ያበዛል። እንደ ስፒትፋየር ባሉ ፈጣን አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ አብዛኛው ሪቬት ከቆርቆሮው ጋር ተስተካክሎ የተመታ ነው፤ አየር እንዳይይዝ። በሞዴሉ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ሲታይ ክንፉ ፈንጣጣ የያዘው ያስመስለዋል። በቀላል እጅ ነድቶ፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቻ እንዲታይ መተው ነው ጥበቡ።

በሌላ ጫፍ ደግሞ፣ ሰዓትም ሱቅም በሌለበት ቦታ መሣሪያ እንዴት እንደሚገኝ ያሳዩ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር በፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ ኖርማን ክሮስ የሚባል የጦር ምርኮኞች ሰፈር ነበር፤ ከ1797 እስከ 1814 በናፖሊዮን ዘመን ጦርነቶች የተማረኩ ፈረንሳውያንና ሌሎችም ታስረውበታል። ለቀለብ ከሚሰጣቸው የበሬና የበግ ሥጋ የሚተርፈውን አጥንት ቀቅለው፣ አንጽተው፣ በቀጫጭኑ ሰንጥቀው መርከብ ሠሩበት። ጎኑ የአጥንት ጣውላ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ገመዱ ከፀጉር የተገመደ ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ክር ሲሳብ መድፎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቢላዋና ምስማር እንደገና ተስሎ መቅረጫ ሆነ። የተሠራውን በሰፈሩ በር ገበያ ላይ ለአካባቢው ሰው ይሸጡት ነበር። ዛሬ የፒተርቦሮ ሙዚየም ብዙዎቹን ይዟቸዋል።

እነዚህን መርከቦች ሳይ የማደንቀው የጣውላዎቹን እኩልነት ነው። በልክ ረገድ ብዙዎቹ ትክክል አይደሉም፤ ምሰሶው ይረዝማል፣ መድፉ ይተልቃል፤ ሠሪዎቹ ፕላን አልነበራቸውም። ጣውላዎቹ ግን ስፋታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ ነው። አጥንት ደግሞ እንደ እንጨት አይታዘዝም፤ አንዱ ጎን ይደነድናል፣ ሌላው ይፈረፈራል። እንዲህ ያለ እኩልነት በዓይን ግምት ብቻ፣ ጣውላ ከጣውላ ሳይዛነፍ፣ ይገኛል ብዬ አላምንም። አንድ የሚይዝ ነገር፣ አንድ የልክ ማቆሚያ ነበረ፤ ከባለቤቱ ጋር ወጥቶ ሄደ እንጂ።

ወደ ዛሬዎቹ የመርከብ ሞዴል ሠሪዎች እንመለስ፤ በቤት የሚሠራ መሣሪያ የሚበዛው እነሱ ዘንድ ነው። በድሮዎቹ የእንጨት መርከቦች ጣውላውን ከመርከቡ የእንጨት አጽም ጋር የሚያያይዘው በአብዛኛው የእንጨት ምስማር ነበር። ውፍረቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስማር በ1:64 ልክ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ መርከብ ደግሞ ብዙ ሺህ ያስፈልጋል። በምላጭ ጠርቦ እንዲህ ያለ ክብ ዘንግ ማውጣት አይታሰብም። መልሱ አንድ ቁራጭ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉት። የእኛ ብር አንጥረኞች ሽቦ የሚያቀጥኑት በዚሁ ዓይነት ብረት ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በብርና በእንጨት መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ፣ ሥራው ያለውም እዚያ ላይ ነው። ለሽቦ የሚሆነው ቀዳዳ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። ብሩ በሰፊው በኩል ገብቶ እየተጨመቀ ይወጣል፤ የሚወገድ ነገር የለውም፣ ይረዝማል እንጂ። እንጨት እንዲህ ቢጨመቅ ቆይቶ ያብጣል፣ ወይም ይበጠሳል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ሰሌዳውን ያዞረዋል። ቀርከሃው በጠባቡ በኩል ይገባል፤ ሹሉ የቀዳዳ ጠርዝ ዙሪያውን ይፍቀዋል፣ ፍቅፋቂው እዚያው ይቀራል። ያው ብረት፣ ያው ቀዳዳ፣ አቅጣጫው ብቻ ተለውጦ መጭመቂያ የነበረው መላጊያ ሆነ። ቀርከሃ የሚመረጠው ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው፤ ጭረቱ ጠማማ የሆነ እንጨት ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ይበጠሳል። ጥድፊያ እዚህም አይሠራም፤ ቀዳዳ የሚዘል ሰው ቀርከሃ ይጨርሳል። በቤት የሚሠራው ሰሌዳ ከአሮጌ የብረት መጋዝ ምላጭ ይወጣል፤ በእሳት አግሎ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ፣ ሲለሰልስ መብሳት፣ ከዚያ ፊቱን በድንጋይ ማሸት፤ ጠርዙ ስል ሆኖ የሚቀረው በዚህ ማሸት ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚወስደው ግን የገመድ መግመጃው ነው። በፖርትስመዝ የምትገኘው ቪክትሪ የተባለችው የጦር መርከብ ገመዷ ሁሉ ቢቀጣጠል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ይነገራል፤ በ1:64 ልክ 650 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ያውም ውፍረቱ የተለያየ። የልብስ ክር ገዝቶ መወጠር ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ያምራል። ጠጋ ሲሉ ያብለጨልጫል፣ ፀጉራማ ይሆናል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክር መሆኑ ያስታውቃል።

መግመጃው እንዲህ ነው። በአንዱ ጫፍ ቀጭን ጣውላ ቆሟል፤ ከፊቱ ሦስት የሽቦ ሜንጦዎች ወጥተዋል። ከኋላው እያንዳንዱ ሜንጦ ትንሽ ባለ ጥርስ መዘውር አለው፤ ሦስቱም በመካከላቸው ባለ አንድ ትልቅ መዘውር ይነዳሉ፤ መዘውሮቹ ከተበላሸ ፕሪንተር ወይም ከልጅ መጫወቻ የወጡ ናቸው። ትልቁ ሲዞር ሦስቱ ሜንጦዎች እኩል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። በሌላው ጫፍ ትንሽ ጋሪ አለች፤ ላይዋ ላይ እንደልቡ የሚዞር አንድ ሜንጦ። ከጋሪዋ በስተኋላ የታሰረ ሲባጎ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ክብደት ተንጠልጥሎበታል። ሦስቱ ክሮች ከሦስቱ ሜንጦዎች ተነሥተው በጋሪዋ ሜንጦ ላይ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሾጣጣ ገብቷል፤ ጎኑ ላይ ሦስት ቦዮች ተቆፍረውለታል፣ ለየክሩ አንድ።

ማዞር ሲጀመር ክሮቹ ይከርራሉ። ሲከርሩ ያጥራሉ፤ ጋሪዋን ይስቧታል፤ የተንጠለጠለው ክብደት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ጥጥ የፈተለች ሴት ይህን ጠባይ ታውቀዋለች፦ ከልክ በላይ የከረረ ክር እንዝርቱ ላላ ሲል ራሱ ላይ ይጠመጠማል። ሴቲቱ የምትሸሸውን መግመጃው ይፈልገዋል። ሾጣጣው ከፊቱ ያሉትን ሦስት ክሮች ለያይቶ ይይዛቸዋል። ከኋላው፣ ወደ ጋሪዋ በኩል፣ የሚለያያቸው ስለሌለ የታመቀው ክረት ሊፈታ ሲታገል እርስ በርስ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠማዘዛሉ። እዚያ ነጥብ ላይ ገመድ ይሆናሉ፤ እየሆኑም ሾጣጣውን ወደፊት ይገፉታል። ሠሪው ሾጣጣውን በሁለት ጣት ይዞ ፍጥነቱን ይገታል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ሲገታው ገመዱ ይጠብቃል፤ ሲለቀው ይላላል። ሲያልቅ ክሩ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሲሶ የሚሆን ርዝመቱን አጥቷል፤ ይህን ያላሰበ ሰው ምሰሶው ላይ ሳይደርስ ገመድ ያልቅበታል። ጥሩ የተገመደ ገመድ ተቆርጦ አንድ ጫፉ ቢንጠለጠል አይሽከረከርም፤ የክሩና የገመዱ ጥምዝ እኩል ሆነው ተያይዘዋልና። መፈተኛውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥቂት ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ነው። ሱቅ የሚገኘው የልብስ ክር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ የከረረ ነው። ሦስቱን ይበልጥ አክርረን ስንገምድ የሚወጣው ገመድ ወደ ግራ ይዞራል። የመርከብ ተራ ገመድ ግን የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ የሚዞረው ሦስት ገመዶች እንደገና ተገምደው የሚወጣው ወፍራሙ የመልሕቅ ገመድ ነበር። ስለዚህ ጠንቃቃው ሠሪ ሁለት ጊዜ ይገምዳል፦ መጀመሪያ ሦስት ሦስት ክር ወደ ግራ፣ ቀጥሎ የወጡትን ሦስቱን ወደ ቀኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ገመድ ዘጠኝ ክር ይሄዳል ማለት ነው። ሞዴሉ ካለበት መስታወት ውጭ ያለው ተመልካች ልዩነቱን አያውቀው ይሆናል። ባሕርተኛ ግን ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል።

መግመጃውን ከሌሎቹ ሁሉ የማስበልጠው ለዚህ ነው። መዘውሯ የሪቬትን ምልክት ትተዋለች እንጂ ሪቬት አትመታም። መግመጃው ግን በእንግሊዝ አገር በቻተም የመርከብ ግቢ ከ340 ሜትር በላይ በሆነው የገመድ ቤት ውስጥ ዛሬም የሚሠራውን ሥራ፣ ክረቱን፣ ማጠሩን፣ ጋሪውን፣ ሾጣጣውን ሳይቀር፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። የሚወጣው ገመድ የሚመስል ነገር አይደለም፤ ገመድ ነው፣ ቀጭን ብቻ።

በእርግጥ መሣሪያ መሥራት ሱስ ይሆናል። መርከብ ሊሠራ ተነሥቶ፣ ለመርከቡ መያዣ ሠርቶ፣ ለመያዣው መለኪያ ሠርቶ፣ ለመለኪያው ሣጥን ሲሠራ የሚያረጅ ሰው አይጠፋም። አልፈርድበትም፤ ደስታው ያለው እዚያ ከሆነ ደስ ይበለው። ነገር ግን በቤት የተሠራ መሣሪያ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ቢያንስ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ ሲያሳይ ነው። ሦስት ቁራጭ እንጨት ተጣብቀው ጣውላውን በ90 ዲግሪ ይዘው ካቆሙት ይበቃል፤ ቫርኒሽ መቀባቱ ለፎቶ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሞዴሉ ሲያልቅ መስታወት ይገባል፤ መያዣው፣ ሾጣጣው፣ የተከፈተችው መርፌ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዳሉ። ከአርባ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ገመዱ ተበጥሶ፣ ጣውላው ተላቆ ጠጋኝ እጅ ሲገባ ያ ሰው ሁሉን ከመነሻው መገመት አለበት፤ ክሩ ስንት ነበር፣ ወደየት ከረረ፣ ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሞዴል የምትሠሩ ሁሉ፣ ሥራውን ለልጅም ይሁን ለሙዚየም ስታስረክቡ መሣሪያዎቹን በትንሽ ሣጥን አድርጋችሁ አብራችሁ ስጡ፤ የክሩን ቁጥርና የከረረበትን አቅጣጫ በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉበት።